አበልጄ የገጠመልኝ ሞተር

መኪናዬን ዳገት ላይ ፈረስ መቅደም የጀመረው ሞተሯ ጨርሶ ከመድከሙ አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለውን አቀበት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ፣ ከገበያ የሚመለሱ ፈረሰኞች በግራም በቀኝም ያልፉኛል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ኮርቻቸው ላይ እንዳሉ በመስኮቴ ጎንበስ ብለው፣ በአገውኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱት፤ «ዶክተር፣ ከቸኮልሽ ፈረሱን ውሰጂ፤ ይችን እኔ ቀስ ብዬ አመጣልሻለሁ።» ሳቅሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ከኋላዬ የሚትጎለጎለው ሰማያዊ ጭስ የአዲስ ቅዳም ከሰል አክሳዮችን ክምር ያስንቅ ነበር።

የከብት ሐኪም ነኝ። ረጅም ዘመን በመንግሥት ቤት ሠርቼ ከወጣሁ ወዲህ በግሌ መድኃኒቴንና መርፌዬን ጭኜ ከቀበሌ ቀበሌ እዞራለሁ። መኪናዋን በጨረታ ነው የገዛኋት፤ ከእኔ በፊት የአንድ ፕሮጀክት የፊልድ መኪና ነበረች፤ እነሱ የሚችሉትን ያህል ጋልበዋት፣ የቀራትን ዕድሜ ለእኔ ሸጡልኝ። ያለ እሷ ሥራ የለኝም። ምጥ የጠናባት ላም ባጃጅ እስኪገኝ አትጠብቅም፤ ባጃጅ ቢገኝም በክረምት ያንን ጭቃ አይወጣውም።

ዳንግላ ላይ ጋራዥ ያለው አበልጅ አለኝ። ሴት ልጁን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ። እኔ አልወለድኩም። አግብቼ ነበር፣ አልሆነም፣ ተለያየን፤ ከዚያ በላይ የሚወራ ነገር የለውም። ይቺ ልጅ ግን አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ እናቷን «እማዬ»፣ እኔን «እማ ቆሰበር» እያለች ነው ያደገችው። የምኖርባትን እንጅባራን በድሮ ስሟ ቆሰበር ብላ መጥራት ያስለመዷት አያቷ ናቸው። ጉንፋን ሲይዛት የምትደውለው ለእኔ፣ ፈተና ስትወድቅ መጥታ የምትደበቀው እኔ ቤት ነው። አሁን ኮሌጅ ገብታለች። በዚህ ምድር ላይ የኔ የምለው ሰው ማን ነው ብባል የእሷን ስም ነው የምጠራው፤ እሷን ያገኘሁት ደግሞ በአባቷ በኩል ነው። ስለዚህ እሱን ስጠራው መካኒኬ ብዬ አላውቅም፣ አበልጄ ነው።

ኮፈኑን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ካዳመጠ በኋላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አበልጄ፣ ይኼስ አልቋል» አለኝ። «ፋሻውን ብንቀይርለት ትንሽ ይገፋል እንጂ መልሶ ዘይት መብላቱ አይቀርም። ደህና ያገለገለ ሞተር ፈልገን እንቀይረው።» ፋሻ የሚሉት በፒስተኑ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ነው፤ እሱ ሲበላ ሞተሩ ዘይቱን እያቃጠለ ይጠጣዋል።

ሞተሩን ባሕር ዳር አገኘነው። ገና አዲስ ከሚባል፣ ከተገለበጠ መኪና ላይ የወረደ ነው። ባለቤቱ መሬት ላይ እንዳለ ባትሪ አገናኝቶ አስነሣው። ከጎኑ ቆመን ሳንጮህ እናወራ ነበር፤ የኔዋ መኪና ስትነሣ ግን ጎረቤት ይሰማል። አበልጄ ከኪሱ ሳንቲም አወጣና በጠርዙ ሞተሩ ላይ አቆመው። ሳንቲሙ አልወደቀም። ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር፤ ዛሬም ያ ደስታው ውሸት ነበር ብዬ ማመን ያቅተኛል። ያጠራቀምኩትን ከፈልኩ፣ የሞተሩ ቁጥር የሰፈረበትን የሽያጭ ውል ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ሞተሩም በአይሱዙ ተጭኖ ዳንግላ ገባ።

እኛ አገር ሞተር የሚያስወርድ ሰው ከመኪናው አይለይም። ጀሪካን ገልብጦ ጋራዡ ውስጥ ይቀመጣል፤ ብሎን ሲፈታ ብሎኑን ያያል፣ ዕቃ ሲወጣ ዕቃውን ይቆጥራል፣ ምሳውን እንኳ እዚያው ያስመጣል። መካኒኮቹም አይቀየሙም፤ የሚገርማቸው ጥሎ የሚሄደው ነው። እኔም በመጀመሪያው ጠዋት ጀሪካኔን ይዤ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም። አበልጄ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ ሠራተኞቹ እየሰሙ፣ «ምነው አበልጄ፣ አንችም እንደ ሰዉ ልትጠብቂኝ ነው?» አለኝ።

እየሳቀ ነው ያለው። እኔ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። አበልጅን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሌባ ነህ ማለት ነው። የልጁን ክርስትና አንሥቼ፣ ማዕዱን ቆርሼ፣ ብሎን ልቆጥርበት? ብድግ አልኩና ጀሪካኑን ወደ ግድግዳው ገፋሁት። ሚስቱም ይህን የጠበቀች ይመስል መጥታ እጄን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ፤ በልቼ ጠጥቼ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እኔ ማለት፣ ገበሬ ፈረስ ሊገዛ ሲጠራኝ፣ ሻጩ የገዛ ወንድሙ ቢሆን እንኳ የፈረሱን አፍ ከፍቼ ጥርሱን ሳላይ ግዛ ብዬ የማላውቅ ሴት ነኝ።

በአምስተኛው ቀን ደወለልኝ። ስደርስ ኮፈኑን ከፍቶ ጠበቀኝ፤ ሞተሩ ታጥቦ፣ ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል። አስነሣሁት። ጭስ የለም። ሚስቱ እልል አለች። እስከ እንጅባራ መስኮቱን ከፍቼ እየዘፈንኩ ነው የነዳሁት፤ እዚያ አቀበት ላይ ሁለት ፈረሰኞች ስቀድም ክላክስ አደረግሁላቸው። ልጅነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለስንት ጊዜ አቧራቸውን የበላሁ ሰው ነኝ።

የቀረው ወረቀቱ ነበር። በሊብሬው ላይ የሰፈረው የድሮው ሞተር ቁጥር ስለሆነ፣ የቀየረ ሰው አዲሱን ማስመዝገብ አለበት። አበልጄ፣ «ተይው ባክሽ፣ ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል? ቦሎ ሲደርስ እኔ ራሴ አስጨርስልሻለሁ» ብሎኝ ነበር። ከወረቀት ጣጣ ሊያድነኝ አስቦ ነው ብዬ ወደድኩት። ነገር ግን የመንግሥት ቤት ሰው ነበርኩና ያልተስተካከለ ወረቀት እንቅልፍ አይሰጠኝም። ሁለት ወር ያህል ቆይቼ ሥራ ባልበዛበት አንድ ጠዋት ሊብሬዬንና የሽያጭ ውሌን ይዤ ትራንስፖርት ቢሮ ሄድኩ።

መርማሪው ትሑት ሰው ነው። የእጅ ባትሪውን አብርቶ ወደ ሞተሩ ጎን ገባ፣ አዲሱን ቀለም በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ፣ ከዚያ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። እኔ የሽያጭ ውሉን ይዤ እከተላለሁ። ገና ከሁለተኛው ቁጥር ጀምሮ አልገጠመልኝም። «እንደገና ያንብቡልኝ» አልኩት። አነበበ። ከዚያ ሊብሬውን ከእጄ ወሰደና ራሱ አስተያይቶ ቀና አለ።

«እትዬ፣ ሞተር ቀየርኩ ነው ያሉኝ?»

«አዎ።»

«ምንም የሚቀየር የለም እኮ። ቁጥሩ ያው የድሮው ነው።»

ጮህኩበት። ማንበብ አትችልም ወይ አልኩት፤ ዛሬም ይህን ሳስበው አፍራለሁ። ሰውዬው አልተቀየመኝም፤ ባትሪውን ሰጠኝና ቦታ ለቀቀልኝ። በነጠላዬ ጫፍ የቀረውን ቀለም ጠርጌ ራሴ አነበብኩት። የፈረስ ጥርስ የማያመልጠው ዓይኔ ያንን ቁጥር አላየሁም ሊል አልቻለም። የራሴው የድሮ ሞተር ነው፤ ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ ፋሻው ተቀይሮለት መልሶ የተሰጠኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር፤ ሰዉ ሁሉ በመንገድ ላይ እያየ የሳቀብኝ መሰለኝ። ንዴቱ ቤቴ ከገባሁ በኋላ መጣ፤ ሲመጣም እህል አላስበላ አለኝ።

አበልጄ ስልኩን አያነሣም። በማግስቱ ዳንግላ ወረድኩ። ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ነበር፤ ወጥቶ በእጄ የያዝኩትን ሊብሬ ሲያይ ፊቱ ልብስ እንደሚለወጥ ተለወጠ። «የቢሮ ሰዎቹ ተሳስተው ይሆናል» አለ። «ራሴ ነኝ ያነበብኩት» አልኩት። ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሠራተኞቹ መፍቻቸውን ይዘው ቆሙ። አንድ ቃል ሳልጨምር ወጣሁ፤ ሚስቱ በሩ ላይ «ግቢ እንጂ፣ ምሳ ደርሷል» እያለች ስትከተለኝ እንኳ ዞር ብዬ አላየኋትም። እሷ ምንም እንደማታውቅ ኋላ ነው የሰማሁት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሽማግሌ ላከ፤ የነፍስ አባቱን ቄስና ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎች። እሱም ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ገባ። ቄሱ ስለ ይቅርታ ብዙ ተናገሩ። ሲጨርሱ፣ «አባቴ፣ እርስዎ የተናገሩትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ግን ከእሱ አንድ ነገር መስማት እፈልጋለሁ» አልኳቸው።

ነገሩን በአጭሩ ተናገረ። ከጫግኒ የመጣ አንድ ሰው እንዲያ ዓይነት ሞተር አጥቶ መኪናው ቆሞበት ነበር፤ ጥሩ ዋጋ አቀረበ፤ እሱም እኔ የገዛሁትን ሸጠለት። በኋላ ሌላ ሞተር ፈልጎ ሊገጥምልኝ አስቦ ነበር፤ ቀኑ እየሄደ፣ መንገዱም እየተዘጋ እየተከፈተ ቀረ። ይህን ሁሉ ሲናገር ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነበር።

«ግቢህ ውስጥ የስንት ሰው መኪና ተፈትቶ ነበር» አልኩት። «ከዚያ ሁሉ ሰው ለምን የኔን?»

ቄሱ «ተናገር እንጂ» አሉት።

«ሌላው ይቀመጣል» አለ በመጨረሻ። «ሌላው ሰው ጀሪካን ገልብጦ ከጠዋት እስከ ማታ ዓይኑን ሳይነቅል ይውላል፣ ቁጥሩን በስልኩ ያነሣል። አንች ግን እንደማታይ አውቅ ነበር፣ አበልጄ።»

በክፋት አልነበረም ያለው። እውነቱን ነው የነገረኝ፤ ምናልባት በዚያ ቀን ከተናገረው ሁሉ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ነው ከልቤ ያልወጣልኝ። ለአላፊ አግዳሚ ደንበኛ ጠንቅቆ የሚሠራው ሰው፣ የሰረቀው ያመነችውን አንዷን ነው፤ ስላመነችው። ባላምነው ኖሮ ሞተሬ ይተርፍ ነበር። ሌላ የሚገዛበትን እስኪከፍል ጊዜ ይሰጠው ተባለ፤ እሺ አልኩ። መስቀል ተሳለምን። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩ፤ በልቤ ግን አላልኩም።

የተባለውን ከፈለ፣ ለዚህ አልከሰውም። ሞተሩን ግን ሌላ ከተማ፣ የማላውቀው መካኒክ ዘንድ ነው ያስገጠምኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ፤ ወደ ሽንት ቤት እንኳ ስሄድ ሰው ወክዬ ነው። መካኒኩ ቅር አላለውም፤ እኔም በእሱ ቅር አላለኝም። ሥራው ጥሩ ነበር፣ መኪናዋም እስከ ዛሬ ዳገት ትወጣለች። በጥምቀት ዳንግላ አልወረድኩም፤ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። ልጅቷ በስልክ «እንግዲያው እኔ ልምጣ?» ስትለኝ «ትምህርትሽን» ብዬ አስቀረኋት። አባቷ የሠራውን ማንም እንዳልነገራት አውቃለሁ፤ እኔም አልነግራትም ብዬ ምያለሁ። እሷ ምን አጠፋች? ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ለፋሲካ ሳትደውል መጣች። ከበሩ ጀምራ እየሳቀች፣ ስለ ኮሌጁ፣ ስለ መኝታ ክፍል ጓደኛዋ፣ ስለ ሚኒባሱ ረዳት እያወራች ገባች። እንዴት ናፍቃኝ እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ አቅፌ አለቅም አልኳት። ከዚያ ከዘንቢሏ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አወጣች፤ የእናቷ ላም ወልዳ፣ የመጀመሪያው ለእማ ቆሰበር ተብሎ የተላከ ነው። ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ቅጠሉን ፈታሁ። እሷ ስለ ፈተናዋ ትነግረኛለች፣ እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ።

ገበያ ላይ ቅቤ ሳይፈተሽ የሚገዛ የለም፤ ሙዝም ሌላም ነገር ይቀላቅሉበታል። ስንጥር እስከ ታች ይሰደዳል፣ ተስቦ ይሸተታል፣ በጣት ይታሻል። ይህ የገበያ ነው። ዘመድ ላመጣው ቅቤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም።

ወሬዋ ድንገት ሲቋረጥ ነው ቀና ያልኩት። ስንጥሩ በእጄ ነበር፤ ቅቤውን እስከ ታች ወግቼው፣ ስቤ አውጥቼ፣ አፍንጫዬ ሥር ይዤዋለሁ። መቼ እንዳነሣሁት እንኳ አላስታውስም። ልጅቷ መጀመሪያ ስንጥሩን፣ ከዚያ ፊቴን አየችኝ።

«እማ ቆሰበር» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «እኔ እኮ ነኝ ያመጣሁልሽ።»