ለአራስነቴ የተቀበረው ቡላ

አማቴ ከዲላ በላይ ባለው ደጋ፣ ቡሌ ላይ፣ ከቤታቸው ጓሮ፣ ለእኔ አራስነት ብለው ቡላ የቀበሩት እርጉዝ ባልነበርኩበት ዓመት ነው። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም። አርግዣለሁ ያልኩት እኔ ነኝ።

እንዴት አልል? በተጋባን በአራተኛው ዓመት የወር አበባዬ ቀረ። ፊቴ ተነፋ፣ ቀለበቴ ከጣቴ አልወጣ አለ፣ ሆዴም የሞላ መሰለ። የማስተምርባት ዲላ በምታቃጥልበት ወር ሹራብ ደርቤ ክፍል እገባ ነበር። ድምፄ ከመጎርነኑ የተነሣ ተማሪዎቼ ጉንፋን የያዘኝ ይመስላቸው ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን እንቅልፉ ነው። ቀበሌ በግድ በሚሰበስበን የውይይት ክበብ ዓይኔ በራሱ ጊዜ ይከደናል። በዚያን ዘመን ስብሰባ ላይ ማንቀላፋት በአብዮቱ እንደ ማሾፍ ይቆጠር ነበርና፣ አንድ ቅዳሜ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ አስነስታ ምክንያቴን ጠየቀችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ጎረቤቴ «እርጉዝ ናት እኮ» አለችልኝ። አዳራሹ አጨበጨበ። ያንን ጭብጨባ ይዤ ቤቴ ገባሁና ባለቤቴን «አርግዣለሁ» አልኩት። አራት ዓመት ሙሉ «ምነው፣ ዝም አላችሁ?» ሲባል ለኖረ ሰው ጭብጨባ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለቤቴ በአውራጃው እርሻ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ወሬውን በዚያው ሳምንት ለእናቱ አደረሰ። አማቴ ለዓመታት ያልነኩትን፣ ከጓሯቸው ትልቁን እንሰት አስነቀሉ። ተፋቀ፣ ተጨመቀ፤ ነጩ ቡላ ተለይቶ በኮባ ተጠቀለለና ጉድጓድ ገባ፣ ድንጋይ ተጫነበት። የሚወጣው እኔ ስወልድ፣ ለአራስ ገንፎዬ ነው።

ወሮቹ ተቆጠሩ፤ ሆዴ ግን አልገፋም። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ ሆዴን ደጋግሞ ተጫነና «እህቴ፣ እዚህ ውስጥ ማንም የለም» አለኝ። ልብሴን ሳስተካክል አንገቴን አየ። ቀረብ ብሎ በጣቱ ዳሰሰኝና «የአንቺ ነገር እዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ አዲስ አበባ ሄደሽ ታዪ» አለ። ትምህርት ቤት ስመለስ፣ የመምህራን ክፍል ውስጥ «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ የተረተችብኝን ባልደረባዬን እስከ ዛሬ አልወዳትም።

አዲስ አበባ ደሜን መረመሩት። ሐኪሙ አንገቴ ላይ ያለው ዕጢ ሥራውን እንዳቆመ፣ ብርዱም እንቅልፉም ልጅ ማጣቱም ከዚያ የመጣ መሆኑን ነገረኝ። ትንሽ ነጭ ኪኒን ሰጠኝ። «በየጠዋቱ፣ ምግብ ሳትቀምሺ፣ ዕድሜ ልክሽን» አለኝ።

ቡሌ ሄጄ ይህንን ሳስረዳ የባሌ ዘመዶች እርስ በርስ ተያዩ። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ደጋ አንገቷ ያበጠ ሴት ሞልታለች፣ ልጆቿም ሞልተዋል። አንዱ አጎት እኔው ፊት ሌላ ሴት ስለማምጣት አነሡ። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ዝም አለ። የዚያን ቀን ዝምታውን ይቅር ያልኩት በአፌ ብቻ ነው። አማቴ ግን «ጉድጓዱ አይከፈትም፤ እስክትወልድ ይጠብቃል» አሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር በለሆሳስ እቤት ጸለዩልኝ።

ኪኒኑን ለሸቀጥ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ባለሱቅ ጎረቤታችን ያመጣልኝ ነበር። በጥቂት ወራት ሹራቤን አወለቅኩ። ድምፄ ተመለሰ፣ የወር አበባዬም። በዓመቱ እንደገና ቀረ፤ አሁን ግን ማስታወኩም ነበረ፣ ድሬሰሩም ራሱ «አሁን አለ» ብሎ ሳቀ።

አማቴ ከቡሌ ቁልቁል በእግራቸው መጡ። ሊጠብቁኝ ነው፤ ውኃ እንኳ አላስቀዳ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኪኒኔን ስውጥ አዩኝ። አማርኛን በገበያ የለመዱ ነበሩና ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚሉት፤ እኔም ማረም ከተውኩ ቆይቼ ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ አሁን ምን ይሠራል?»

«መድኃኒቴ ነው፣ እናቴ።»

«ልጅ እንዲመጣ ነበር፤ መጣ። ከእንግዲህ ልጁን ይመርዛል። ተወው።»

«ሐኪሙ ዕድሜ ልክሽን ብሎኛል» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። እርጉዝ ሴት መድኃኒት አትንካ ሲባል ነው ያደግሁት፣ እኔም ከልቤ የማምነው እርሳቸውን ነበር። ደግሞም ደክሞኝ ነበር። እንደ ሌላው ሴት ያለ ኪኒን እርጉዝ መሆን አማረኝ። ብልቃጡን ከቁም ሣጥኑ ሥር አስገባሁት። ከሁለታችን የተማርኩት እኔ ነበርኩ።

በአራተኛው ወር መግቢያ፣ ረፋዱ ላይ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ በረደኝ። ሹራቤን ካስቀመጥኩበት አወጣሁ። ያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝም ብልቃጡን አላወጣሁም፤ ነገ እያልኩ ሳምንት አለፈ። የተማሪ ደብተር እያረምኩ ሳለሁ ደም መጣ። ወንድ ነበር።

ድሬሰሩ «ኪኒኑን አላቋረጥሽም አይደል?» አለኝ። አማቴ አጠገቤ እጄን ይዘዋል።

«አላቋረጥኩም» አልኩ።

ያቋረጥኩ ቀን እርሳቸው እዚያው ነበሩ። ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተናገሩም። ድሬሰሩ ሲወጣ ብቻ «ያ መድኃኒት ነው፤ ከደምህ ሳይወጣ ቀርቶ ነው» አሉ። ጥፋቱን በመድኃኒቱ ላይ አድርገው ቡሌ ተመለሱ። ልክ ናቸው አልልም፣ አይደሉም ብዬም አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው የልጅ ልጃቸውን በቃላቸው ያጡት እርሳቸው ይሆናሉ። አልነገርኳቸውም ማለት ደግ ሰው ነኝ ማለት ግን አይደለም፤ ብናገር የእኔም ድርሻ አብሮ ይወጣ ነበር።

ኪኒኑን ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ አላረገዝኩም፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። እህል በጠፋበት ዓመት ጎረቤት ቡላውን እናውጣው ሲል አማቴ እምቢ ብለው ጎመን ቀቅለው አደሩ። «የሙሽራዬ ነው» ይሉ ነበር፤ ሰባት ዓመት የኖረችን ሙሽራ።

ጉድጓዱ የተከፈተው ለእርሳቸው ለቅሶ ነው። ቡሌ ዝናብ ይዘንብ ነበር፣ ለቀስተኛው ብዙ ነበር፣ የሚበላ ጠፋ። የባለቤቴ እኅት ድንጋዩን አስነሥታ ቡላውን አወጣች። ኮባው በስብሶ ነበር፣ ቡላው ግን ምንም አልሆነም። ገንፎ ተሠራ። የመጀመሪያውን ሳህን፣ ቅቤ አድርጋበት፣ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ብላ፤ ላንተ ነበር የቀበረው» አለችኝ፤ አማርኛዋ የእናቷ ነው።

አራስ በምትቀመጥበት ጥግ ተቀምጬ፣ ምንም ሳላስቀር በላሁት።