አሚን ያላገኘው ጫት

በሰፈራችን ዱዓ የማደርገው እኔ ነኝ፤ ነበርኩ ልበል መሰለኝ። ማዕረጉን በዕውቀት ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። የሚበልጡኝ ሞቱ፣ የእኩዮቼ ድምፅ ሰለለ፣ የእኔ ደግሞ ጥርሴ ቢያልቅም ምላሴ አላለቀም። ወዳጃችን፣ ለዱዓ የምንሰበሰብበት ማለቴ ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ወደ ማምሻው ነው። ጭንቅ ያለበት ሰው አንድ ዙርባ ጫት ይዞ ይመጣል፣ ምንጣፉ መሐል ያኖርና ጭንቁን ይናገራል። እኔ እጄን አንስቼ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ወንዶቹ ዙሪያዬን፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ «አሚን» ይላሉ። ከዚያ ጫቱ ይቃማል። የዱዓዬ ርዝመት እንደ ጫቱ ጥራት ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ። ምን ልዋሽ፣ እንደዚያው ነው።

ባለፈው ዓመት በሽንኩርት ነቀላ ሰሞን፣ ከቤቴ ሦስተኛው ግቢ ያለው ጎረቤቴ ሚስቱን በገጀራ መታት። ሽንኩርቱን ከሚጭነው የአይሱዙ ሹፌር ጋር ታየች ብለውት ነው። ማን እንዳያት እስከ ዛሬ አላውቅም። የሰማ እንጂ ያየ ሰው ከተማችን ሮቢት ውስጥ አላገኘሁም። ትከሻዋን አቆሰላት፣ ቀኝ እጇን እስከ አጥንቱ ከፈለው። ጎረቤት በባጃጅ ሆስፒታል አደረሳት። እሱ ገጀራውን እንደያዘ በእግሩ ሄዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ።

በማግስቱ ባጃጅ ተራው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ በአንድ አፍ ተናገረ። «ወንድ ነው!» በሌላ ነገር ሁሉ የሚጣላው ሕዝብ፣ መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም፣ በዚህ ተስማማ።

«አልሸሸም እኮ! በእግሩ ነው የሄደው» ይላል አንዱ።

«ምን ያድርግ ታዲያ፣ አብልቶ አልብሶ!» ይላል ሌላው።

እሷ በሕይወት ታድር ይሆን ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ሰው በማሳቅ ያረጀሁ ነኝና ዝም ማለት አልችልበትም፤ ሻይ ቤቱ በር ላይ እንደተቀመጥኩ፣

«ልጁ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሠራው» አልኩ። «የእኔዋ አሮጊት እንኳ አርባ ዓመት ስለምናት የኖርኩትን ሻይ፣ ከትናንት ወዲህ ሳልጠራት ታቀርብልኛለች።»

ሳቁ አስፋልቱን ተሻገረ። አንድ ባለ ባጃጅ መሪው ላይ ተደፍቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም በራሴ ኮራሁ። ቀልዴ ግን ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ገብቶ ኖሯል።

ስገባ ሻዩ ቀርቧል። ባለቤቴ ሁለት እጇን ሻርፗ ሥር ደብቃ ቆማለች።

«ምነው ቆምሽ?»

«ሻይ አቅርቤያለሁ። እጄን እንዳይቆርጡት ብዬ ነው።»

አርባ ዓመት «አንተ» ስትለኝ የኖረች ሴት ናት አንቱ ያለችኝ።

«ቀልድ እኮ ነው፣ አንቺ ሴትዮ!»

«እኔስ መች ቁም ነገር ተናገርኩ?» አለች። ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

በሳምንቱ ሐሙስ የባልየው ወንድም ሁለት ዙርባ ጫት ይዞ ወደ ወዳጃችን መጣ። ቅጠሉ ገና ጤዛው ያልደረቀ ለጋ። «ወንድሜ ከእስር እንዲወጣልኝ ዱዓ አድርጉልኝ» አለ። እጄን አነሳሁ። የወህኒውን በር አስከፈትኩ፣ የዳኛውን ልብ አራራሁ፣ ሰውየውን ከልጆቹ ጋር ማዕድ አስቀመጥኩ። እንዲህ ያማረ ዱዓ አድርጌ አላውቅም። «አሚን!» ሲባል ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ።

ጫቱን ሳንከፍት የተመታችው ልጅ እናት በሩ ላይ ታየች። ከቀወት ገጠር እስከ አስፋልቱ በአህያ፣ ከዚያ በባጃጅ የመጣች ቀጭን ሴት ናት። አሚናችንን ውጭ ቆማ ሰምታዋለች። ጫማዋን አወለቀች፣ በኮባ ቅጠል የጠቀለለቻትን ትንሽ ጫት ምንጣፉ መሐል አኖረች። ጫቷ ጠውልጋለች፣ ከቅጠሏ እንጨቷ ይበዛል።

«የልጄን እጅ ሊቆርጡት ነው አሉኝ። አላህ እንዲያተርፍላት ዱዓ አድርጉልኝ» አለች።

 አንዱ ጎሮሮውን ጠረገ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። እኛ ዱዓ የሚጠይቅን ሰው ምን ሠርተህ ነው ብለን አናውቅም፤ የከብት ሌባ እንኳ እዚያ ምንጣፍ ላይ አሚን አግኝቷል። እኔ ግን የሰዉን ፊት አየሁ፤ ለአላህ ሳይሆን ለዚያ ፊት፣

«እህቴ፣ ልጅሽ መጀመሪያ ተውበት ታድርግ፣ ከጥፋቷ ትመለስ። እጇ ከዚያ በኋላ ይደርሳል» አልኩ።

ከጥግ ሳቅ ተሰማ።

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ጎንበስ አለችና ጫቷን አነሳች። ለዱዓ የተቀመጠ ጫት መልሶ ሲነሳ በሰባ ስምንት ዓመቴ ገና ያን ቀን አየሁ።

«ለልጄ አሚን ያላለ አፍ የልጄን ጫት አይቅመውም» ብላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

ያንን ለጋ ጫት እስከ መግሪብ ቃምኩት። ምርቃናው እምቢ አለኝ።

ረቡዕ ዕለት እጇ መቆረጡ ተሰማ። ሐሙስ ራሴ አንድ ዙርባ ገዛሁና እንደ ማንኛውም ጭንቅ ያለበት ሰው ምንጣፉ መሐል አኖርኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ጭንቅ አለብዎት?» አለ አንዱ፣ ቀልድ እየጠበቀ።

«አለብኝ። ባለፈው አንዲት እናት ላይ ቀልጄ መለስኳት። ለዚያች ልጅ ሕይወት፣ ለቀረው እጇም ዱዓ ላደርግ ነው፤ አሚን በሉኝ።»

የባልየው ወንድም ተነስቶ ወጣ። እጄን አነሳሁ፤ ያ የሚፈስ አፌ ደርቆ፣ ዱዓው ሁለት ሦስት ቃል ላይ አለቀብኝ። አሚን ያለው መጀመሪያ ከመጋረጃው ጀርባ ነው፤ ድምፁን አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። ከወንዶቹ ሦስት ያህሉ አጉረመረሙ። የቀሩት ጫት ጫታቸውን አዩ። ከዚያ ወዲህ ዱዓ አድርግልን ብሎ የጠራኝ የለም።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። እናትየዋ የክፍሉ በር ላይ ተቀምጣለች። ይቅርታ ለመንኳት፤ ዱዓ ማድረጌንም ነገርኳት።

«አሚን አሉ?» አለችኝ።

«ጥቂት ናቸው።»

«የፊተኛው ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር» አለች። ግቡም አላለችኝ፣ ሂዱም አላለችኝ። ጥቂት ቆሜ ተመለስኩ።

ሻዬ ዛሬም ሳልጠራ ይመጣል፤ ባለቤቴም እጇን ደብቃ ትቆማለች። ባለፈው ራሴ ላፍላ ብዬ ማዕድ ቤት ገብቼ ነበር። ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። ልጠይቃት ወደ በሩ ሄድኩና አፍሬ ተመለስኩ።