ከገደሉ እስኪደወል

ሐዲያ ጅብ አትፈራም። ከደጇ ላይ ሲያልፍ ብታየው «ወራባ ነው፣ ይለፍ» ብላ መንገድ ትለቅለታለች። ከጅብ በቀር ግን በዚህ ዓለም ላይ የማትፈራው ነገር የለም። ባጃጅ ትፈራለች፣ የጋዝ ምድጃ ትፈራለች፣ የሰው ልጅ ሲያስነጥሰው ትደነግጣለች። ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ አብሽና ቁንዶ በርበሬ ስትሸጥ ጸጉሯ ሸበተ፤ እስከ ዛሬም ደንበኛዋን «ዳር ዳሩን ሂድ» ሳትለው አትሸኝም።

እኔ እልፍነሽ እባላለሁ። ከሐረር ግንብ ውጭ ባለው ከተማ ተወልጄ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ እየሰፋሁ የምኖር፣ ምላሴ ከመቀሴ የፈጠነ ሴት ነኝ። ከሐዲያ ጋር የተዋወቅነው ቅመም ስትመዝኚ አጎደልሽብኝ ብዬ ተጣልቻት ነው። በማግስቱ ሱቄ ድረስ መጥታ «ስትቆጪ ግንባርሽ ላይ ደም ስር ይወጣል፤ ትታመሚያለሽ ብዬ ስሰጋ አደርኩ» አለችኝ። እንዲህ ካለች ሴት ጋር እንዴት ተጣልቶ ይዘለቃል?

ባሏ ዐብዱረዛቅ ሲሞት ልጃቸው ዓቢር ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ሐዲያ አንዷን ልጇን ደረጃ ላይ አትሩጪ፣ ጉድጓድ አትጠጊ እያለች አሳደገቻት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ልጅቷ አድጋ ገደል ወራጅ ሆነች።

ዓቢር በሥራዋ መድኃኒት ቤት ነው የምትውለው። ቅዳሜ ሲሆን ግን ጓደኞቿን አስከትላ በባቢሌ መንገድ ትወጣና ወደ ኤረር የሚወርዱትን ገደሎች በገመድ ትወርዳለች። የሚያስገድዳቸው የለም፤ መዝናናት ነው ይላሉ። ታች ውሃው ድንጋዩን አለስልሶ የሠራው ገንዳ አለ፤ ሰማዩም ከዚያ ሲያዩት የጥብጣብ ያህል ቀጭን ነው አሉ። ልጄ ጌታነህም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሯቸው ነው። ተናግሬዋለሁ፣ ተሳድቤያለሁ፣ አልቅሻለሁ። «እማ፣ እዚያ ስሆን ነው ሰው መሆኔ የሚታወቀኝ» ብሎኝ ቁጭ አለ።

ይባስ ብሎ የወገብና የጭን ማሰሪያቸውን የሰፋሁላቸው እኔው ነኝ። ዓቢር የጭነት መኪና ዕቃ የሚታሰርበትን ወፍራም ጠፍር ተሸክማ መጣችና «እትዬ እልፍነሽ፣ ሰው የሚንጠለጠልበት ስፌት ነው» አለችኝ። አልሰፋም ብል ሌላ ሰው ሊያበላሸው ነው። ስለዚህ ሰፋሁት።

ደንባቸው ቀላል ነበር። ከገደሉ ወጥተው አስፋልት ሲደርሱ ዓቢር ለእናቷ ትደውላለች፤ ሐዲያ ደግሞ ለእኔ። ጌታነህ ቁጣዬን ስለሚሸሽ ለእኔ አይደውልም። ስልኩ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት ነው የሚመጣው።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ቅዳሜ ግን ስልኩ ቀረ። ሐረር ላይ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች፤ በስተሰሜን በቁንዱዶ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። እዚህ ፀሐይ ሆኖ እዚያ ታች ደራሽ ውሃ ሊመጣ እንደሚችል የሐረር ሰው ሁሉ ያውቃል። ሱቄን ዘጋሁና በቀጫጭኑ መንገድ ወደ ሐዲያ ቤት በረርኩ።

ነደባ የሚሉት ቀይ መደብ ላይ ተቀምጣ አብሽ ትለቅማለች። ወደ ግቢው የሚያወጣውን በር ዘግታዋለች።

«ደወለች?»

«ኔትወርክ ነው» አለች ቀና ሳትል።

«ደመናውን አይተሻል?»

«አላየሁም። አንቺም አላየሽም። ክፉ አታውሪ፣ አቦ!»

በሩን የዘጋችው ሰማዩን ላለማየት መሆኑ ያኔ ገባኝ። ሐዲያ ክፉ ነገር በአፍ ከተጠራ ይመጣል ባይ ናት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አብሹን ለቅማ ስትጨርስ ግርዱን መልሳ ደባለቀችውና እንደገና መልቀም ጀመረች። እኔ እደውላለሁ፤ ያቺ የስልክ ሴትዮ ማግኘት እንደማልችል ትነግረኛለች። ደግሜ እደውላለሁ፣ ደግማ ትነግረኛለች። ሰድቤያታለሁ፤ ምንም አልመሰላት።

ከሁሉ የገደለኝ ክሩ ነበር። የጌታነህን ማሰሪያ የሰፋሁት በመጨረሻ ነው። ጭኑ ጋ ስደርስ ክሩ አለቀብኝና ሌላ ጥቅል አስገባሁ። ያ ክር ከመጀመሪያው ይቀጥን ነበር ወይስ እኩል ነው? ደርቤ ሰፍቼዋለሁ ወይስ ደንበኛ ጠርቶኝ ተውኩት? የዚያን ቀን ምን እንደበላሁ ሳይቀር አስታወስኩ፤ ስፌቱ ግን አልመጣልኝ አለ። እጄን አፍንጫዬ ድረስ አምጥቼ አየሁት፣ ከእጄ መልስ የማገኝ ይመስል።

አዛኑ ተሰማ። ሐዲያ ሰግዳ ተመለሰች፤ ዱዓዋ ሲረዝም እኔም ማርያምን ለመንኩ። ከዚያ ከመንገዱ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማን።

አፎቻን ለማታውቁት፣ የሐረሪዎች እድር በሉት። የሰፈሩ ሴቶች ተጠራርተው ሰብሰብ ብለው ወደ አንድ ቤት የሚገቡት ለሰርግ ወይም ለሐዘን ነው። ሰርግ ሲሆን እልልታው ከመንገዱ ጫፍ ይሰማል። እነዚህ ድምፅ አልነበራቸውም። በሩ ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ሰማናቸው፤ ከዚያ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ የአፎቻውን ትልቅ ሴት እማማ ሶፍያን አስቀድመው ገቡ።

የሐዲያ ሰፌድ ከጭኗ ወደቀ፤ አብሹ ነደባው ላይ ተበተነ።

የእሷ አፎቻ ነው። የእሷ ቤት ነው። የእሷ ልጅ ናት ማለት ነው። ሆዴ ውስጥ አንድ ድምፅ «ተመስገን፣ የእኔ አይደለም» አለ። ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰይጣን ነው ብዬ አላመካኝም።

ሴቶቹ ግን ሐዲያን አልፈዋት ሄዱ። እማማ ሶፍያ መጥተው ከእኔ ጎን ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። ሌላዋ በግራዬ ተቀመጠች። ሌሎቹ ከፊቴ ሆኑ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ሐዲያ። ቃሉ አመለጣት። ወዲያው አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ» አሉኝ እማማ ሶፍያ።

በአገራችን መጀመሪያ ውሃ ጠጪ ተብሎ ደግ ወሬ የሰማ ሰው አላውቅም። ነጠላዬን ከአንገቴ ላይ መንጭቄ ጣልኩት። «አልጠጣም! ንገሩኝ! ሬሳው የት ነው?»

«አዑዙ ቢላህ! የምን ሬሳ? እግሩ ነው እንጂ! እግሩን ተሰብሮ ሆስፒታል እየወሰዱት ነው። ዓቢር አሁን ደወለችልኝ። ‹እትዬ እልፍነሽ እናቴ ጋ ሳትሆን አትቀርም፣ እኔ ብደውል እናቴ ትጮህና ታስደነግጣታለች፤ እርስዎ ቀስ ብለው ይንገሯት› አለችኝ።»

«እግር ለመንገር ይኼ ሁሉ ሰው?»

«ታዲያ ስብራትን የሚያህል ነገር ብቻዬን መጥቼ ልንገርሽ? ነውር አይደለም?» ከልባቸው ነበር የገረማቸው።

«እማማ፣ በቀስታዎ ገድለውኝ ነበር እኮ!» አልኩና እሳቸውኑ አቅፌ ተንሰቀሰቅሁ።

ሆስፒታል ስደርስ ጌታነህ ፊቱ ነጥቶ ይጠብቀኛል። ውሃውን ሳያዩት ድምፁን ሰምተው ኖሯል። ዓቢር ሁሉንም ወደ አንድ ከፍ ያለ ድንጋይ አወጣቻቸው፤ መጨረሻ ላይ የቀረው እሱ ገመዱ ላይ እንዳለ ደራሹ ያመጣው ግንድ እግሩን መታው። እሱ ሲያወራ እኔ ከአልጋው ሥር የተጣለውን ማሰሪያ አነሳሁ። ጠፍሩን በመቀስ ቆርጠው ነው ያወለቁለት። ጭኑ ጋ ያለውን ስፌት በጥፍሬ ፈተሽኩት። ደርቤው ነበር።

ሐዲያ አብሽ በማር በጥብጣ፣ ለሰባራ ይበጃል ብላ በየቀኑ ታመጣለች። ለጌታነህ ታጠጣዋለች፣ ትራሱን ታስተካክላለች፤ እኔን ግን አታየኝም። ሰላም ስላት መሬት መሬቱን ታያለች። በመጨረሻ ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ያዝኳት።

«እልፍነሽ» አለችኝ፣ «ያ ቃል... ወላሂ ልጅሽን ጠልቼ አይደለም።»

«አንቺ በአፍሽ አልሽው። እኔ በሆዴ ብዬዋለሁ፤ ያውም ሴቶቹ ገና ሲገቡ፣ ቀድሜሽ።»

«ወላሂ በይ!»

«በማርያም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ትከሻዬን በጡጫ መታችኝ፤ ያቺ ፈሪ ሴት ለካ ኃይለኛ ጡጫ አላት። ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ልጆቹ ልብ የገዙ እንዳይመስላችሁ። ጌታነህ ማነከሱን ሳይተው ማሰሪያ ስፊልኝ አለኝ፤ ሰፋሁለት፣ ይኸኛውን ሦስት ጊዜ ደርቤ። ሐዲያም ለአፎቻው ቁርጥ ያለ ነገር ተናገረች፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ወሬ ያለው ሰው ብቻውን ይምጣ፣ እየሳቀ ይግባ። እማማ ሶፍያ አሁንም ነውር ነው ይላሉ።

ቅዳሜ ሲመጣ ነደባው ላይ አብረን እንቀመጣለን። እሷ በዱዓዋ የጌታነህን ስም ታስቀድማለች፤ እኔ በጸሎቴ የዓቢርን። ካሳ ይሁን ፍቅር አልለየሁትም። ስልኩ ሲጮህ ግን ሐዲያ «ዓቢር፣ ልጄ?» ትላለች፣ እኔ በላይዋ ላይ «ጌታነህስ? ጌታነህስ?» እያልኩ እጮሃለሁ።