ከባዱን ሽጉጥ የጠየቅኩበት ቀን

የጥበቃ ኃላፊያችን የነበረው ሰው ደግ ነው የሚሉ አሉ። እኔ የማውቀውን ልጻፍ።

በመጋዘኑ ጥበቃ ውስጥ ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን። ያን ዓመት ሠራተኛ ሊቀነስ ስለሆነ የተኩስ ፈተና የወደቀ ይሰናበታል ተባለ። ከአምስት ጥይት ቢያንስ ሦስቱን ካርቶን ላይ ከተሣለ ክብ ውስጥ ማስገባት ነው። በዚያ ዕድሜዬ ሌላ ሥራ የሚሰጠኝ አልነበረም።

ከዓይናለም ሰፈር ማዶ ወዳለ የተተወ የድንጋይ ካባ ወሰዱን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሽጉጦች ነበሩ፤ አንዱ እጀታው ፕላስቲክ የሆነ አዲስ፣ ሌላው ሁለመናው ብረት የሆነ አሮጌ። ኃላፊው ቀላሉን፣ አዲሱን፣ ለሴቶች መደበ። «እጃችሁ እንዳይጎዳ» አለ። እሱ ራሱ ሲተኩስ ግን አሮጌውን አነሣ።

ሌላዋ ሴት ባልደረባዬ ቀድማኝ ገባች። በተነፈሰች ቁጥር አፈሙዙ ሲንቀጠቀጥ ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። ስትተኩስ ሽጉጡ ወደ ላይ ይዘላል፤ መልሳ እስክታነጣጥር ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ከአምስቱ አንድ አገባች።

እኔ አሮጌውን ለዓመታት ታጥቄዋለሁ። ባዶ ጀሪካን የያዘ እጅ ይወዛወዛል፤ ሙሉውን የያዘ ግን ይረጋል። ሽጉጥም እንዲሁ ነው። ትንሿን የእጅ መንቀጥቀጥ ክብደቱ ይውጣታል፣ ሲተኮስም ብዙ አይራገጥም። ግን አንሥተው ካቆዩት ክንድ ይዝላል፤ ያኔ ከቀላሉም ይብሳል።

«ከባዱን ስጠኝ» አልኩት።

«አደይ፣ እሱ እኮ ከእርስዎ ይከብዳል!» አለ ኃላፊው፣ እንደ እናት እየጠራኝ። ወንዶቹ ሳቁ።

«ስለ ክብደቴ አልጠየቅኩህም፣ ወደይ» አልኩት፣ እኔም እንደ ልጅ እየጠራሁት።

የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ቆሞ ያይ ስለነበር ኃላፊው እምቢ ማለት አልቻለም። «ያነጣጥሩ» አለ። አነሣሁ። አፈሙዙ ክቡ መሀል ላይ ቀጥ አለ። «ይተኩሱ» የሚለውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ሰዓቱን አየ። ወረቀቱን ገለጠ። ትከሻዬ መቃጠል ጀመረ፤ ቀስ እያለ አፈሙዙ ከክቡ እየወጣ መግባት ያዘ። ከዚያ በኋላ ዐይኑን ከክንዴ ላይ አላነሣም። ሳይታዘዝ የተኮሰ እንደወደቀ ይቆጠራል። ሳይታዘዝ ያወረደ ምን እንደሚሆን ማንም አልነገረንም።

አወረድኩት።

«ደከመዎት እንዴ፣ አደይ? ወድቀዋል ብዬ ልጻፍ?»

«ወረቀትህን አንብበህ ስትጨርስ አነሣለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ጣልቃ ገባ። «አንተ ሰው፣ ሌሎቹን እንዲህ አላቆምካቸውም። በአግባቡ እዘዝ!»

እንደገና አነሣሁ። ትእዛዙ ወዲያው መጣ። አራት አገባሁ።

«ሽጉጡ ነው የመታልዎት» አለኝ እየጻፈ።

«እንግዲያው ለእሷም ስጣትና ትድገም» አልኩት ወደ ባልደረባዬ እያመለከትኩ።

«የእሷ ፈተና አልቋል።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ መኪናው እየሄደ ነበር። ድምፄን ከፍ ባደርግ ይሰማኝ ነበር። ስሜ ካለፉት ጋር ሲጻፍ አይቻለሁና አልጠራሁትም። ባልደረባዬ አጠገቤ ቆማ ትጠብቅ ነበር።

በዚያው ሳምንት የደንብ ልብሷን መለሰች። እኔ ጉልበቴ እስኪያስቀረኝ ድረስ ሠራሁ። ኃላፊው ሮማናት አደባባይ ላይ ሲያገኘኝ ዛሬም አጎንብሶ «አደይ» እያለ ሰላም ይለኛል። እሷ ግን ገና ከሩቅ ስታየኝ ወደ ማዶ ትሻገራለች። ይህን መሻገሯንም በኃላፊው ዕዳ ላይ እጽፈዋለሁ።