አሥራ ሦስተኛው ወር የገባበት ክላየንት

የዌብ ሰርቪስ ክላየንትን፣ ማለትም በኢንተርኔት ከሌላ ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገር ፕሮግራምን፣ የሚጽፈው ማሽኑ ነው፣ ሰው ቁልፍ ብቻ ይጫናል የሚባለው ውሸት ነው። የመጀመሪያ ቀን እኔም አምኜው ነበር።

ቢሯችን ልደታ፣ ከአንድ የጉዞ ወኪል በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነበር። አለቃዬ ጽጌ ወንበር ሳታሳየኝ ሥራ ሰጠችኝ። የወኪሉ ባለቤት አቶ ሙስጠፋ ቲኬት በስልክ መለመን ሰልችቷቸዋል፤ ፕሮግራማችን ውጭ አገር ካለው የቲኬት አከፋፋይ ኮምፒውተር ጋር በቀጥታ ይነጋገርላቸው።

በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ የሚጻፍበትን መሣሪያ ከፈትኩ። «አዲስ የዌብ ሰርቪስ ክላየንት» የሚለውን መረጥኩ፣ የአከፋፋዩን ሰርቪስ አድራሻ ለጠፍኩ፣ «ጨርስ» አልኩት። ከባዶ ፎልደር ከአርባ በላይ ፋይሎች ብቅ አሉ! ትንሽ ቆይቶ ባሕር ማዶ ያለው ኮምፒውተር ክፍት ወንበሮችን ዘረዘረልኝ። ጮህኩ።

«ምነው? ጎል ገባ እንዴ?» አለች ጽጌ።

«ከጎልም በላይ!»

ሳምንት ሳይሞላ አቶ ሙስጠፋ እያለከለኩ ደረጃውን ወጡ። ደንበኛቸው እትዬ ዘይነባ ፓስፖርታቸውን ጨብጠው ተከትለዋቸዋል። ልጃቸው ጅዳ ወልዳለች፤ በረራቸው ነገ ነው። ቲኬቱ ላይ የተመዘገበው የልደት ቀን ግን ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም። በዚህ ቲኬት አያሳፍሯቸውም።

«አንተ ልጅ፣ ሴትዮዋን ሰባት ዓመት ጨመርክባቸው እኮ!» አሉ አቶ ሙስጠፋ።

«ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የኖረው ባሌ እንኳን እንዲህ አላስረጀኝም» አሉ እትዬ ዘይነባ።

«ጥፋቱ የእነሱ ሰርቪስ ነው» አልኩ። ልደታ፣ ፍርድ ቤት ሰፈር እየሠሩ መክሰስ አይከብድም።

«መጀመሪያ እኛ የላክነውን አሳየኝ» አለች ጽጌ።

የላክነውን መልእክት አተምኩት። እትዬ ዘይነባ የተወለዱት ጳጉሜን 4 ነው። እሳቸው በቃል እንደነገሯቸው፣ አቶ ሙስጠፋ በእኛው አቆጣጠር አስገብተውታል፤ ፓስፖርቱ ግን የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በየትኛው አቆጣጠር እንደሚሞላ የልደት ቀን መሙያው ሳጥን ላይ ያልጻፍኩት እኔ ነኝ። ጃቫ ደግሞ ይሉኝታ አለው፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲሰጡት «የለም» አይልም። የእኛን ዓመተ ምሕረት እንደ ፈረንጅ ዓመት ቆጥሮ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ዓመት፣ ወደ ጃንዋሪ 4 አሻገራቸው፤ ሰባቱ ዓመት የመጣው ከዚህ ነው። ሰርቪሱም ደህና ቀን መስሎት ተቀበለ።

ምሳ የሚባል ነገር ረሳሁ። አቆጣጠሩን የሚቀይር ኮድ ጻፍኩ፤ የሌለ ወር ሲሰጡት «የለም» እንዲል ጃቫንም ይሉኝታውን አስተውኩት። ሴፕቴምበር 9 ብሎ ወጣ። ፓስፖርቱ ላይ አየን፤ ገጠመ! ማስተካከያውን ላክን፤ «ተቀብለናል» የሚል መልስ መጣ። በዚህ ጊዜ የጮሁት እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ቢሮውን በእልልታ አናጉት።

«ተባረክ ልጄ፣ ወጣት አደረግከኝ!»

መሣሪያው የሚጽፍልህ መልእክት የሚያደርሰውን ኮድ ነው። መልእክቱ እውነት ይሁን አይሁን አያውቅም። አሁን ክላየንትህን ክፈት፤ ጳጉሜን 4ን አስገባና ምን እንደሚልክ እይ።