ነጭ ያልገባለት ዓይን

ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ ሰዓሊ ቢያድግልኝ መተማ ዮሐንስ በሚገኘው ቤቱ አረፈ። ከመሥሪያ ዳሱ ምሰሶ ሥር አንዲት ሳንቃ ተደግፋ ቀርታ ነበር። የካርቱም ወጣቶች ከሥሯ አራት ትንንሽ ጎማ ገጥመው፣ ቆመውባት አስፋልት ላይ የሚንሸራተቱባት ዓይነት ሳንቃ ናት። ጎማዎቿ ተፈትተዋል። በሆዷ በኩል ወደ ጎን የሚመለከት የአንድ ወጣት ፊት ተስሎባታል፤ አፍንጫው አልቋል፣ ከንፈሩ አልቋል፣ የጆሮው ጥላ ሳይቀር በወጉ ገብቷል። ዓይኑም ተከቧል፤ ብሌኑ ጠቁሯል። ነጩ ብቻ ቀርቷል።

ነጩ የቀረው በስንፍና አይደለም። ቢያድግልኝ የዓይንን ነጭ የሚያስገባው ሁልጊዜ ከሁሉ በኋላ ነበር። «ነጩ ከገባ ሰውዬው ማየት ይጀምራል። ያላለቀ ገላውን ለምን ታሳየዋለህ?» ይል ነበር።

የተወለደበት ዓመት በእርግጥ አይታወቅም። መታወቂያው 1956 ይላል፤ እሱ ግን «ጸሐፊው ፊቴን አይቶ የገመተው ነው» እያለ ይስቅበት ነበር። አገሩ ጭልጋ ነው። በልጅነቱ ጎንደር ወጥቶ አለቃ ማስተዋል ከሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ዘንድ ገባ። አለቃ ማስተዋል አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ስለነበር ቀለም የሚለይላቸው፣ የሚበጠብጥላቸውና ሸራ የሚወጥርላቸው እሱ ነበር። ከእሳቸው የተማረው ብዙ ነው፤ አንዱን ትምህርት ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ግድም እንደ ቃል ኪዳን ይዞት ኖሯል።

«ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ይሰጥሃል» ይሉት ነበር አለቃ። «ጎኑን የሚሰጥህ ይሁዳ ነው፣ ዲያብሎስ ነው፣ ሰይፍ መዛዡ ነው። ለደግ ሰው አንድ ዓይን የሳልህ ቀን እጅህ ይድረቅ!»

አለቃ ሲሞቱ ሥራው ቀዘቀዘ። ቢያድግልኝም እንደ አገሩ ጎረምሳ ሁሉ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ ቆላ ወረደ፤ ሳሉግ፣ የወቅት አጫጅ፣ ሆነ። አጨዳው ሳያልቅ ግን ማጭዱን ጣለ። ከአብደራፊ ወዲህ ያለ አንድ ባለእርሻ የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ስሙን አስጻፈው፤ ከስሙ ጎን አንበሳ ጨመረለት፤ በማግሥቱ የጎረቤቱ ባለእርሻ «ለእኔ ሁለት አንበሳ» ብሎ መጣ። ቆላ ያስቀረው ይኸው ነው። መተማ ዮሐንስ ገብቶ ጥሩአየሁን አገባ፤ የፀጉር ቤት ራሶችን፣ የጭማቂ ቤት ማንጎዎችን፣ የባጃጅ ጀርባና የአይሱዙ ስፖንዳ፣ የጭነት ሣጥኑን ጎን፣ ሲስል ኖረ።

የኢጣሊያኖቹን ሥዕል ያገኘው ከመለዋወጫ ነጋዴው ከሙነወር ሱቅ ነው። ሙነወር ከካርቱም የመጣ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነበረው። በየወሩ ገጽ ላይ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ግድም በኢጣሊያ የተሳለ አንድ ሥዕል ታትሟል። ዓመቱ ሲያልቅ ሙነወር ኩሽኔታ ሊጠቀልልበት ሲቀደው ቢያድግልኝ ደረሰ።

«ኧረ ተው! ኧረ ስለ አላህ ተው!»

«ያለፈ ዓመት ምን ያደርግልሃል?»

«ላንተ ነው ያለፈው።»

ወስዶ ዳሱ ውስጥ ሰቀለው። «ጉድለቱ ጳጉሜን የለችውም» ብሎ ለእሷ የሚሆን አንድ ሥዕል ራሱ ጨመረላት፦ ዝናብ የያዛት አህያ።

ከዚያ ወዲህ ነው እነዚያ ሰዎች መንገድ የወጡት። እጇን አጣምራ ፈገግ የምትለዋ ሴት የሱዳን ሴቶችን ልብስ ቶብ ለብሳ፣ እጇን ሂና ተቀብታ፣ ከኋላዋ ጓንግ ወንዝ እየፈሰሰ በባጃጅ ጀርባ ከተማውን ዞረች። ክንፍ ያላቸው ሕፃናት የሰሊጥ ኩንታል ተሸክመው በተሳቢ ላይ በረሩ። በረዥሙ ማዕድ የተቀመጡት አሥራ ሦስት ሰዎች ከማሳ የገቡ ሳሉጎች ሆኑ፤ በአንድ ትሪ ዙሪያ። አሥራ ሁለቱ ሁለት ሁለት ዓይን ነበራቸው። አንዱ ወደ ጎን ዞሯል፤ የሳሉጎቹ ካቦ ባርኔጣ የሚመስል ባርኔጣም አድርጓል። ካቦው ዱላ ይዞ ዳሱ ድረስ መጣ።

«ይህ እኔ ነኝ?»

«እኔ ስም አልጻፍሁ» አለ ቢያድግልኝ። «ባርኔጣህን ካወቅኸው ግን ምን ላድርግህ?»

ያ ዘመን መልካም ዘመን ነበር። መኪናው ከኬላ እስከ ከተማው ጫፍ ተሰልፎ ያድራል፤ ሾፌሮች ስፖንዳ ለስፖንዳ እየተዘዋወሩ «ይህች የቢያድግልኝ ናት» ይባባላሉ፤ እሱ ያልረገጠውን አገር ሥዕሎቹ ከኬላው ማዶ ባለችው በሱዳኗ ገላባት በኩል አልፈው አይተውታል። አንዳቸውም ዛሬ በቦታቸው የሉም። ስፖንዳው ተቀይሯል፣ ባጃጁ ተሸጦ ሌላ ቀለም ተደርቦበታል፣ የቀረውን ፀሐይ ልጦታል። እሱ አላዘነባቸውም። «ግድግዳ ብፈልግ ጎንደር እቀር ነበር» ይል ነበር።

ከሁሉ ያከራከረው የሙነወር አይሱዙ ነው። ከቀን መቁጠሪያው ገጾች በአንዱ ላይ ቀይ ቆብ ያደረገ፣ አፍንጫው እንደ ንስር የቆለመመ መስፍን ወደ ጎን ይመለከታል። ሙነወር እሱን መረጠ። ሥራው ሲያልቅ መጥቶ አየና እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

«ይኼ ሰውዬ ምን ሆኗል? ወረቀቱ ላይ ወደ ጎን ነበር እኮ የሚያይ።»

«አዞርሁት።»

«ለምን ታዞረዋለህ? ፍጥጥ ብሎ የኬላ ፈታሽ መሰለ!»

«ታዲያ ምን አለበት? ኬላ ላይ ዘመድ አገኘህ።»

የልቡን ግን አልነገረውም፤ በወዳጁ መኪና ላይ የኩነኔ ሰው መሳል አልሆንልህ ብሎት ነበር።

በ2015 ሚያዝያ ካርቱም ስትቃጠል የመኪናው ሰልፍ ቀረና ሰው በእግሩ መምጣት ጀመረ። ኢሕሳን የምትባል ወጣትና እናቷ ከጥሩአየሁ ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራዩ። ኢሕሳን በካርቱም የሥነ ጥበብ ተማሪ ነበረች፤ ከሻንጣ ይልቅ የወንድሟን የአሚንን ሳንቃ በጀርባዋ አዝላ ነው የገባችው። አሚን አልመጣም። ጦርነቱ በጀመረ በመጀመሪያው ወር ሞቷል።

ቢያድግልኝ የሚስል ሰው መሆኑን ያወቀችው አንድ ቀን ገበያ ስትሄድ ነው። ሂና የተቀባችው ሴት በባጃጅ ጀርባ አጠገቧ አለፈች። ኢሕሳን ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ባለባጃጁን ጠይቃ እየሳቀች ዳሱ ድረስ መጣች።

«ያ ዐም፣ ያችን ሴትዮ ማን ዳራት?» አለችው በዐረብኛ። «ያ ዐም» አጎቴ ሆይ እንደማለት ነው፤ ሱዳኖች ታላቅን እንዲህ ይጠራሉ። እሱም በገበያ ዐረብኛው፣ «እኔ ነኝ። አምስት መቶ ዓመት ያለ ወግ ማዕረግ ቀርታ አሳዘነችኝ» አላት።

ከዚያ ወዲያ ቀኑን ዳሱ ውስጥ ትውል ጀመር። የአሚን ጓደኞች እነዚያኑ ሥዕሎች በሳንቃቸው ሆድ ላይ ይስሉ እንደነበር ነገረችው፤ መላእክቱን ሸራ ጫማ አጥልቀው፣ ቅድስቲቱን የሙዚቃ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍተው።

«በሆዷ? አስፋልቱ አይፍቃቸውም?»

«ይፍቃቸዋል። ልጁ ሲዘል ብቻ ነው ብልጭ የሚሉት።»

«እንደ ስፖንዳ ነዋ» አለ ቢያድግልኝ፤ ደስ ብሎት። «መኪናው ካላለፈህ አታየውም።»

የልቧን የነገረችው ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ነው። የአሚን ፎቶ የቀረው አንድ፣ እሱም በተሰነጠቀ ስልኳ ውስጥ ነው፤ መስታወቱ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየጨለመ ሄዷል። መንገዱ ሲከፈት እናትና ልጅ ወደ ጎንደር ይሻገራሉ። ከዚያ በፊት የአሚን ፊት ሳንቃው ላይ እንዲሆንላት ፈለገች። «እኔ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። እርስዎ ይሳሉልኝ።»

ፎቶው ላይ አሚን ወደ ጎን ይመለከታል። ቢያድግልኝ ሳንቃዋን ተቀበላት። ልጅቷ ክፍሏ ስትገባ ብሩሹን አነሳና ልማዱን አደረገ፤ አሚንን ወደ ፊት አዞረው። የማያውቀውን ጎን ከሚያውቀው ጎን ወሰደ፤ በግራ ያለውን ዓይን በቀኝ ደገመው። ሲጨርስ ነጩን በሁለቱም አስገባና በእጁ ሥራ ተደሰተ። አንድ የሞተ ልጅ ከጻድቃን ጎን አቁሟልና።

ኢሕሳን መጥታ አየችው። ከዚያ ሳንቃዋን ቀስ ብላ ወደ ምሰሶው መለሰቻት።

«ያ ዐም፣ ይህ ወንድሜ አይደለም።»

«አፍንጫው ሳተ?»

«አሚን ያለው አንድ ዓይን ነበር። ልጅ ሳለ ከዚህችው ሳንቃ ወድቆ የደረጃ ብረት አጠፋበት። ከዚያ ወዲህ ለፎቶ ደህናውን ጎን ነው የሚሰጥ። እናቴ ይህን ብታይ፣ ማነው ትለኛለች።»

ቢያድግልኝ ብሩሹን በጨርቅ ጠረገ፤ የጠረገውን መልሶ ጠረገ። «ለደግ ሰው አንድ ዓይን መሳል ነውር ነው፣ ልጄ። እጄም እሺ አይለኝ።»

ኢሕሳን ተነሥታ ቀን መቁጠሪያው ላይ ቀይ ቆብ ያለውን መስፍን ነካችው። «ይህም ሰው በወዲያ በኩል ዓይን የለውም። በጦር ጨዋታ ላይ ነው ያጣው። ሰዓሊው ያለችውን ዓይን ሳለለት፤ የሌለችውን ሸፈነለት። እርስዎ ክፋት ይሉታል?»

ወሬውን የሰማ ሙነወር ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኔ መኪና ላይ ድኖ ነበራ! ሐኪም ነህ እንጂ ሰዓሊስ አይደለህ።»

ቢያድግልኝ አልሳቀም። ሳንቃዋን ፊቱ አቁሞ፣ አንገረቡ ላይ፣ የጠፍር አልጋው ላይ፣ ተቀምጦ ሲያያት ሰነበተ። ሐሩሩ ከቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ እሱ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። የጥሩአየሁ ትዕግሥት አለቀ።

«ምነው አንተ ሰውዬ! ወይ ሳልባት፣ ወይ ለማገዶ ስጠኝ።»

«የአለቃ ቃል አለብኝ፤ ታውቂ የለ።»

«አለቃ ማስተዋል ራሳቸው አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው አልነበር? አንተው አይደለህ የነገርኸኝ? እሳቸውን ከወዴት ልትቆጥራቸው ነው ታዲያ፤ ከይሁዳ ጎን?»

ቢያድግልኝ አፉን ከፍቶ አያት። ያንን ዓይን ስንት ዓመት ሲያየው ኖሮ፣ ከትምህርቱ ጋር አንድም ቀን አላገናኘውም ነበር። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ እንባው አላቆመም። ተነሥቶ ብርጭቆ ወረቀት ፈለገና ሁለቱንም ዓይኖች ፋቀ።

ወደ ጎን የሚያይ ደግ ሰው ሥሎ አያውቅምና እንደ ጀማሪ አጠፋ፣ ደገመ፤ ኢሕሳን አጠገቡ ሆና የጨለመውን ስልክ በእጇ ከፀሐይ እየጋረደች አሳየችው። ግንቦት 11 ቀን ከሰዓት በፊት ብሌኑን አጠቆረው። «ጥቁሩ ይድረቅ፤ ነጩን ነገ» አላት። ማክሰኞ መኪና እንደሚወጣ ተሰምቶ ነበርና ነገ አይዘገይም።

እጁ ሥራ ሲፈታ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሳንቃዋን ጎማዎች አነሣ። ሊስል ሲል የፈታቸው ናቸው። አንዱ አቧራ በልቶት አይዞርም፤ ሌላው ይጮኻል። በፌስታል ይዟቸው ወደ ሙነወር ሱቅ ሄደ።

«እኔ ጋ የትራክተር ኩሽኔታ ነው ያለ» አለ ሙነወር። «ይኼ የወፍ ነው።»

«ፈልግ እስቲ።»

ሙነወር ጣሳ ደፍቶ በጣቱ አመሰ። ከተጣለ የማራገቢያ ሞተር የወጡ ትንንሽ ኩሽኔታዎች አገኘና ጎማው ውስጥ ተጭኖ አስገባቸው፤ ልክክ አሉ። «ልጅቷ የሞተ ልጅ ሥዕል ያለባትን ሳንቃ ልትሄድባት ነው እንዴ?»

«ግድግዳ ላይማ ምን ትሠራለች?» አለ ቢያድግልኝ።

ቤት ሲመለስ ኢሕሳን በሩ ላይ ልብስ ታጥፋለች። አንዱን ጎማ በሁለት ጣቱ ይዞ መታ አደረገው። ያለ ድምፅ ዞረ፤ ብዙ ዞረ። እስኪቆም ሁለቱም አዩት። ከዚያ አራቱንም መልሶ ፌስታሉ ውስጥ ከተተና ሰጣት፤ ውኃ ሊጠጣም ወደ ቤቱ ገባ።