ዓርብ ዓርብ የሚታመመው ራውተር

ሰሞኑን ቤታችን አዲስ ራውተር ገባ። ልጄ ከማግስቱ ጀምራ ማጉረምረም ያዘች። «አባዬ፣ ይሄ ነገር ከአሮጌውም ባሰ እኮ!» አለችኝ ትናንት። ሄጄ ሳይ፣ አብራን የምትኖረው እህቴ ጽጌ ነጭ ዳንቴል አልብሳዋለች። ላነሳው እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት።

መገናኛ ላይ የባቡር ሐዲድ ከመዘርጋቱ በፊት፣ ሲግናል ሰፈር ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ ፊት ለፊት ይታይ ነበር። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራማ ተራራው ጎረቤት ነው የሚመስለው። እማዬና ጽጌ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በእግራቸው ይወጡ ነበር። ሲመለሱ ነጠላቸው ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል፤ ለእኔም በመሐረብ የተቋጠረ ቆሎ ይመጣልኛል። ጽጌ ለሥራ ቤይሩት ከሄደች በኋላ ያ ሽታ ከቤታችን ጠፋ። እንዴት እንደናፈቀኝ!

የአሠሪዋ ልጅ ዓርብ ከሰዓት ላፕቶፗን ታውሳት ነበር። እኛም በገመድ ከታሰረው ኮምፒውተራችን ፊት ተኮልኩለን እንጠብቃታለን። አንድ ቀን ታዲያ፣ «እነዚህ ሰዎች ከሦስት ሳምንት በኋላ አገር ሊለቁ ነው። የምገባበት ቤት እንዲህ መተያየት የለም። በሞቴ ወንድምዬ፣ ከዚያ በፊት እንጦጦን ከበረንዳው አሳየኝ» አለችኝ።

ገመዱ በረንዳ አይደርስም። ስለዚህ ገመድ አልባ ራውተር ገዛሁ፤ ላፕቶፕም ከጓደኛዬ ተዋስኩ። መገናኛ ኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ውስጥ እሠራ ስለነበር ራሴን የሰፈሩ ሊቅ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ሐሙስ በረንዳ ላይ ሞከርኩት፤ ጥሩ ይሠራል። ዓርብ ግን ድምፅ ብቻ እየመጣ የጽጌ ፊት ተቆራርጦ ደርቆ ቀረ። «ጭጋግ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለች። ገመድ ቀየርኩ። ጎረቤት እየሰረቀን ነው ብዬ የይለፍ ቃሉንም ቀየርኩ። አሁንም ሐሙስ ደህና ሆኖ፣ በሁለተኛው ዓርብ ያው! ይሄ ዕቃ ቀን ይቆጥራል እንዴ?

በመጨረሻው ዓርብ ምስሉ እንደገና ሲደርቅ፣ ላፕቶፑን በረንዳ ትቼ ወደ ሳሎን ገባሁ። ራውተሩ ከቦታው የለም። መብራቱ ከቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ በዳንቴል ሥር ብልጭ ይላል። ለካ እማዬ ዓርብ ዓርብ «ልጄ ቤቱን ታየዋለች» ብላ ስታሰናዳ፣ ያንን ሽቦ የተንጠለጠለበት ዕቃ ቡፌ ውስጥ ትከተውና፣ ስንጨርስ ወደ ቦታው ትመልሰው ኖሯል። እኔ ሊቁ ምስሉ ሲደርቅ አንዴም ገብቼ አላየሁም።

«አንቺ ነሽ እንዴ ያበላሸሽው! ሁለት ዓርብ ሙሉ! ምናለ የማታውቂውን ባትነኪ!» ብዬ ጮህኩባት።

እማዬ ፀጉሯን ተቀብታ፣ የክት ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች። «እንግዳ ሲመጣ ቤት አይሰናዳም?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ራውተሩን መስኮቱ ላይ ሳስቀምጠው ምስሉ ጠራ። ላፕቶፑን ወደ ተራራው አዞርኩት። «ውይ እንጦጦዬ!» ብላ ጽጌ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ቀጥላም፣ «እማዬስ? እስቲ ጥራትና ተራራው ፊት አቁምልኝ። አንድ ላይ ልያቸው» አለች።

ሮጬ ገባሁ። እማዬ ዓይኗ ቀልቷል። «እንዲህ ሆኜማ ልጄ አታየኝም፤ ፊቴን ልታጠብ» አለች። ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ስትወጣ ጽጌን አሠሪዎቿ ጠርተዋት ሄዳለች። ስክሪኑ ላይ የቀረው ወንበሯ ብቻ ነው። እማዬ እንደዚያም ሆኖ እንጦጦን ከኋላዋ አድርጋ፣ ምናልባት ትመለስ ይሆናል ብላ ብዙ ቆመች።

ጽጌ አገሯ ሳትገባ እማዬ አረፈች። ዛሬ ከበረንዳችን የሚታየው የፎቅ ጀርባ ነው።

ይህን ሁሉ ዓመት ለጽጌ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም ነበር። ትናንት ግን ዳንቴሉ ፊት እንደቆምኩ አላስችል አለኝ። «ያን ቀን እማዬ ያልደረሰችልሽ በእኔ ነው። ጮሄባት አስለቅሻት ነው» አልኳት።

ጽጌ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሰምቼሃለሁ እኮ» አለች። «ድምፁ ይመጣ አልነበር? እማዬን ጥራት ያልኩህ እኮ ሄደህ እንድታባብላት ነው።»